ማማውን በጥምጣም

ሰውን ጥጋብ ያሳብደዋል ሲባል እሰማለሁ። እኔን ያሳበደኝ ጾም ነው። ጾም ነው የምለውም ሌላ የማመካኝበት ስለሌለኝ እንጂ፣ ሆዴ ሞልቶ ቢሆን ኖሮ ከዚያ ቂልነት እመለስ ነበር ብዬ አይደለም።

ያኔ ካይሮ ተማሪ ነበርኩ። ከወሎ የሄድን ሃያ የምንሆን ደረሳዎች በአሮጌው ከተማ፣ ከትልቁ መስጊድ ጀርባ፣ ደረጃው የተፈረካከሰ አንድ ቤት ውስጥ እንኖራለን። የክፍል ጓደኛዬ ሰይድ ይባላል፤ ቃሉ የሚባለው የወሎ አገር ሰው ነው። ሰይድ ክርክር ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ ነው። ውሃ እርጥብ ነው ብትሉት «በየትኛው ኪታብ?» ይላችኋል። ኪታቡን ብታመጡለት ደግሞ «ጸሐፊው ውሃውን ነክቶታል?» ይላል። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር አንድ ክፍል የሚጋራ ሰው ሁለት ምርጫ ነው ያለው፤ ወይ ዝም ማለት፣ ወይ እንደሱ መሆን። እኔ እንደሱ ሆንኩ።

ነገሩ የጀመረው በደብዳቤ ነው። የአጎቴ ልጅ ይማም የጥጥ ፋብሪካ መኪና ሊማር እንግሊዝ አገር፣ ማንቸስተር የምትባል ከተማ ሄዷል። ሲያልፍ እኛ ዘንድ ሁለት ሳምንት አርፎ ነበርና ሰይድንም፣ የቤታችንን አለቃ ሸኽ አወልንም ያውቃቸዋል። በረመዳን አጋማሽ ደብዳቤው ደረሰኝ። ካነበብኩት ውስጥ እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው፦

«እኛ ከተማ ሃያ አምስት ፎቅ ያለው ሕንፃ ቆሟል። ጫፉን ለማየት ቀና ስል ባርኔጣዬ ወድቆ አውቶቡስ ሄደበት። እናንተ ዘንድ አንድ አዲስ ማማ ተሠራ ሲሉ ሰምቻለሁ። ቁመቱን ለክተህ ላክልኝ፤ እዚህ ያሉትን ሰዎች አፍ ላስይዝበት።»

ማማውን ካይሮ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከወንዙ መሀል፣ ደሴቲቱ ላይ፣ ቅርጫት የሚሠራ ሰው ጀምሮ መጨረሻውን የረሳው ይመስል ወደ ሰማይ ሄዷል። ከተመረቀ ገና ዓመት አልሞላውም።

«ካይሮ ውስጥ ከሱ የሚረዝም የለም» አልኩ ደብዳቤውን እያጠፍኩ።

«ፒራሚዱስ?» አለ ሰይድ ካልጋው ሳይነሳ።

«ፒራሚዱ ወፍራም ነው እንጂ ረጅም አይደለም።»

«ያን ሁሉ ድንጋይ የከመረ ሕዝብ ካንድ የሲሚንቶ ሸንበቆ ያንሳል? ወላሂ፣ ፒራሚዱ ይበልጣል።»

አሁን እናንተ «ለምን ሰው አትጠይቁም ነበር?» ትሉ ይሆናል። ትክክል ናችሁ። ግን መጠየቅ የሚባለው ነገር ለሌሎች ሰዎች የተፈጠረ የሚመስለኝ ዕድሜ ላይ ነበርኩ። ደግሞስ እኛ ጥላ መለካት አናውቅምን? የሶላትን ሰዓት በጥላ መለየት የተማርነው ጥርሳችንን ሳንጨርስ ነው። አንዲት እንጨት መሬት ላይ ትተክላላችሁ። የእንጨቷ ጥላ እንጨቷን ሲያክል፣ የማማውም ጥላ ማማውን ያክላል። ከዚያ ጥላውን መሬት ላይ መለካት ነው። ሰማይ መውጣት አያስፈልግም። ይህን ለሰይድ ስነግረው ለመጀመሪያ ጊዜ «በየትኛው ኪታብ?» አላለኝም። «ዓርብ ማማውን፣ በሚቀጥለው ዓርብ ፒራሚዱን» አለኝ።

ዓርብ ጁምዓ ሰግደን የአንበሶቹን ድልድይ ተሻገርን። ሰይድ የተሰበረ የመጥረጊያ እንጨት ይዟል። እኔ ገመድ ልይዝ ነበር። ከማማው ሥር ካለው ሣር ላይ ደርሰን እጄን ኪሴ ስከት ገመዱ አልጋዬ ላይ እንደተጋደመ ትዝ አለኝ። እንጨቷን ተክለናታል፤ ጥላዋ እንጨቷን ሊያክል ሁለት ጣት ቀርቶታል። ጥላ ደግሞ እንደ ባቡር ነው፣ ማንንም ቆሞ አይጠብቅም።

ዞር ስል የሰይድን ጥምጣም አየሁት።

«አላደርገውም» አለ፣ ምንም ሳልናገር።

«ለእውቀት ነው።»

«ለእውቀት ከሆነ ሱሪህን አውልቅ።»

«ሱሪዬ ሦስት ክንድ አይሞላም። ያንተ ጥምጣም ግን…»

ይህ አባባል ደስ አሰኘው መሰለኝ፣ መፍታት ጀመረ። እየዞረ እየዞረ፣ ነጭ ጨርቅ እያለቀ አላልቅ እያለ ወጣ። በክንዴ ስለካው ልክ አሥር ክንድ ሆነ። በሰይድ ክንድ ግን ስምንት ተኩል ነው፤ በማን ክንድ እንለካ በሚለው ላይ ጥላው ጥቂት እስኪያመልጠን ድረስ ተከራከርን። ደብዳቤውን የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ በኔ ክንድ ረታሁ።

እንጨቷን እንደገና አይተን ጀመርን። ሰይድ አንዱን ጫፍ ሣሩ ላይ ይይዛል፣ እኔ ሌላውን ጫፍ ይዤ ወደፊት እሄዳለሁ፣ እንወጥረዋለን፣ ጠጠር አስቀምጣለሁ፣ እንነሳለን። አንድ ጥምጣም። ሁለት ጥምጣም። ሰይድ ራሱ ባዶ ስለቀረ ዕርቃኑን የወጣ ያህል አፍሮ አንገቱን ደፍቷል፤ ፊቱ ሰው ቀብሮ የተመለሰ ነው የሚመስለው። እኔም ቁጥሩ እንዳይጠፋኝ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ እቆጥራለሁ። ከሩቅ ላየን ሰው ሁለት ሐዘንተኞች መሬት ላይ ነጭ ጨርቅ ዘርግተው፣ እያነበነቡ፣ በክንድ ይለካሉ። ነጭ ጨርቅ በክንድ የሚለካው ለከፈን፣ ለሬሳ መገነዣ እንደሆነ ደግሞ ሙስሊም የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ይህን ያኔ አላሰብኩትም። አሁን አስባለሁ።

አሥራ ሰባተኛው ላይ ጥቁር የለበሱ አንዲት አሮጊት አጠገባችን ቆሙ።

«ኢና ሊላሂ» አሉ። «አላህ ያጽናችሁ ልጆቼ።»

«አሚን» አልኩ። ምርቃት አይመለስም።

እዚህ ላይ ስለ ዐረብኛዬ ልናገር። የኔ ዐረብኛ የኪታብ ነው። ገበያ ሄጄ ሽንኩርት ስጠይቅ ሻጮቹ ኹጥባ፣ የመስጊድ ስብከት የጀመርኩ መስሏቸው ዝም ይላሉ። የካይሮን ሰው ንግግር ደግሞ ግማሹን ሰምቼ ግማሹን እሞላዋለሁ።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?» አሉኝ።

«ቁመቱን እየለካን ነው።»

«ምስኪን! ረጅም ነበር?»

«በጣም እንጂ! ካይሮ ውስጥ የሚስተካከለው የለም። ይህ ጓደኛዬ ግን አይስማማም።»

አሮጊቷ ሰይድን አዩት። ባዶ ራሱን፣ የተደፋ አንገቱን አዩና «ወንድሙ ነው?» ብለው ማልቀስ ጀመሩ። ልቅሶ ሰው ይጠራል። ሣሩን ውሃ የሚያጠጣው አትክልተኛ ጎማውን ጥሎ መጣ። የሚንሸራሸሩ ሰዎች ቆሙ። አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ፣ አንዱ ለሟቹ ፋቲሓ መቅራት ያዘ። እኔ ካይሮዎች ለልኬት ያላቸው ክብር ገርሞኝ ልቤ ተነካ።

«ስንት ደረሰ?» አለኝ አትክልተኛው ቀስ ብሎ።

«እስካሁን አሥራ ሰባት ጥምጣም።»

«አሥራ ሰባት?»

«ገና ግማሹም አይደለም።»

አትክልተኛው አፉን ከፈተ። አሮጊቷ ግን ሐዘን ላይ ስለሆኑ ሒሳቡን አልሰሙትም። «ዕድሜውስ፣ ልጄ?» አሉኝ እንባቸውን እየጠረጉ።

«ገና ነው። ዓመት እንኳን አልሞላውም።»

«ሕፃን!» ብለው ጮኹ። ደረታቸውን መቱ። እሪታቸው ድልድዩ ድረስ ሄደ። በዚህ መሀል አትክልተኛው በጣቱ ሲቆጥር ቆይቶ «ዓመት ያልሞላው ሕፃን፣ አሥራ ሰባት ጥምጣም፣ ገና ግማሹ?» አለ። ሁሉም እኔን አየኝ።

«ሕፃን አይደለም» አልኩ እጄን ወደ ሰማይ እየቀሰርኩ፤ «ይሄ ነው!»

ሁሉም ቀና አለ። ማማው ቆሟል።

የሞተ ሰው አለ ብሎ ያለቀሰ ሰው፣ የሞተ እንደሌለ ሲነግሩት ደስ ይለዋል ብላችሁ እንዳታስቡ። አሮጊቷ «በጾም አፌ አስለቀሳችሁኝ!» ብለው ጫማቸውን አወለቁ። ፋቲሓ የቀራው ሰውዬ ፋቲሓውን መልሱልኝ የሚል ይመስል ያዘኝ። አትክልተኛው ጠጠሮቼን ከሣሩ ላይ እየለቀመ ይወረውራል። በዚህ ጩኸት መሀል ነው ሻዊሹ የመጣው። ሻዊሽ የሚሉት ጢሙ የበዛውን ፖሊስ ነው፤ ይህኛው ደግሞ ጢሙም ሆዱም የበዛ፣ ጾሙ ግንባሩ ላይ የተጻፈበት ሰው ነበር።

«ምንድን ነው?»

«ማማውን እየለካን ነው» አልኩ። አሁንስ በግልጽ መናገር ይሻላል ብዬ።

«ለምን?»

«ቁመቱን ለመላክ።»

«ወዴት?»

ጾመኛ አይዋሽም። «ወደ እንግሊዝ አገር» አልኩት።

እንግሊዞች ካይሮ ላይ ቦምብ ካዘነቡ ገና ጥቂት ዓመት ነው። ሻዊሹ ጢሙ ሲቆም አየሁት። ሰይድ በአማርኛ «አፍህን በጥምጣሜ ልጠምጥምልህ?» አለኝ። እሱም አልሆነለትም፤ ጥምጣሙን ሻዊሹ ጠቅልሎ በብብቱ ይዞታል። ማስረጃ ነው።

ጣቢያው ቅርብ ነበር። መኮንኑ ወጣት፣ ከሲታ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ቀስ ብሎ የሚናገር ፖሊስ ከሚጮኸው ይልቅ እንደሚያስፈራ ያን ቀን ተማርኩ። ኪሴን ፈትሸው የይማምን ደብዳቤ አወጡ። መኮንኑ ዘረጋው። አገላበጠው። ወደ መብራት ያዘው።

«ይህ ምንድን ነው? እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው የተሰለፉ ትናንሽ ሰዎች ናቸው የሚመስሉት።»

«የአገራችን ፊደል ነው።»

«እንዲህ ያለ ፊደል አይቼ አላውቅም።» ቴምብሩን አየ። የእንግሊዝ ንግሥት አየችው። ደብዳቤውን አስቀመጠና፣ ቀስ ብሎ፣ «ምን እንደሚል በሚታመን ሰው አፍ ካልሰማሁ፣ ማታውኑ ወደ ስዊዝ ወደብ ትሄዳላችሁ። ወደ አገራችሁ የሚመልስ መርከብ ይጠብቃችኋል» አለ።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ነገሩ ሳቅ ሳቅ ይለኝ ነበር። «መርከብ» ሲል ግን አባቴ ታወሰኝ። አባቴ ያለችውን አንዲት በቅሎ ሸጦ ነው የላከኝ። ራሱ በእግሩ እየሄደ፣ ለሚያገኘው ሁሉ «ልጄ ካይሮ ኪታብ ይቀራል» ይላል። ሰፈሩ ገብቼ ምን እለዋለሁ? ጥላ ስለካ ያዙኝ? ሰይድን አየሁት። እሱም አየኝ። ክርክር ያለቀበት ሰይድን ያየሁት ያኔ ነው፤ ባላየው ይሻል ነበር።

«የሚታመን ሰው አለን» አልኩ። «ሸኽ አወል።»

ሻዊሹ ባለ ሦስት እግሩን ሞተር አስነስቶ ሄደ። ሲመለስ ሸኽ አወል ከጎኑ ባለው ቅርጫት ውስጥ ተቀምጠዋል፤ በአንድ እጃቸው ጥምጣማቸውን፣ በአንድ እጃቸው መቁጠሪያቸውን ይዘው፣ ጺማቸው በነፋስ ወደ ጆሯቸው ሄዷል። ስድሳ ያለፋቸው፣ ሠላሳ ዓመት ካይሮ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ሲገቡ መኮንኑ ሳያስበው ብድግ አለ።

«ሸኻችን፣ ይህን በዐረብኛ ያንብቡልኝ። ሳይጨምሩ፣ ሳይቀንሱ።»

«ጾመኛ ነኝ» አሉ ሸኽ አወል። «አልጨምርም፣ አልቀንስም።»

በዚህ ጊዜ ነው የደብዳቤው መጨረሻ ትዝ ያለኝ። ለእናንተም ያልነገርኳችሁ። አላህ ያሳያችሁ፣ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ «ጨምሪ» እላት ነበር።

ሸኽ አወል መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ሰላምታውን፣ ብርዱን፣ ሃያ አምስት ፎቁን፣ ባርኔጣውን። «ቁመቱን ለክተህ ላክልኝ» የሚለውን። መኮንኑ እዚህ ላይ እስክሪብቶውን አነሳ። ሸኽ አወል ቀጠሉና ቆሙ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። ከዚያ ድምፃቸውን ሳይለውጡ፣ በዚያ በጠራ የኪታብ ዐረብኛቸው አነበቡ፦

«ያ ሲያስተምር እንቅልፍ የሚጥለው ሸኻችሁ አሁንም አለ? ሲያንኮራፋ የታረደ ግመል ነው የሚመስለው። ያን ሁለት ሳምንት ዓይኔን ሳልከድን ነው እንግሊዝ አገር የደረስኩት። እባክህ ጆሮህን ጠብቅ።»

«ይህ ሸኽ ማነው?» አለ መኮንኑ።

«እኔ ነኝ» አሉ ሸኽ አወል።

መኮንኑ ሊይዘው ሞከረ። ከንፈሩን ነከሰ፣ ወደ ግድግዳው ዞረ፣ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። በመጨረሻ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ሳቀ። ሻዊሹም ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሸኽ አወል አልሳቁም፣ አልተቆጡም፤ ደብዳቤውን በሥርዓት አጥፈው መለሱ። እኔ ብቻ ነኝ ማልቀስ የቃጣኝ። ሸኽ አወል «ሸኹን ሰላም በልልኝ ይላል» ቢሉ ማን ያውቅባቸው ነበር? ማንም። ግን ያን ቢሉ መኮንኑ ያምናቸው ነበር ወይ? እሱን እንጃ።

«ሰላይ ሆኖ የሸኹን ማንኮራፋት የሚዘግብ አላየሁም» አለ መኮንኑ ዓይኑን እየጠረገ። «ኸላስ። ሂዱ። መቶ ሰማንያ ሰባት ሜትር ነው። ከፒራሚዱ በአርባ ምናምን ሜትር ይበልጣል፤ የትኛውንም የትምህርት ቤት ልጅ ብትጠይቁ ይነግራችሁ ነበር። ማሌሽ፣ ግድ የለም።»

ጥምጣሙን ለሰይድ ሰጠው። ልንወጣ ስንል ግን ሸኽ አወል ቆሙ።

«ከላይ ሲሆኑ ምን ይታያል?» ብለው ጠየቁ።

«አይተውት አያውቁም?»

«ሠላሳ ዓመት እዚህ ስኖር ከመስጊድ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ መስጊድ ነኝ። ወደዚህች ደሴት ስሻገር የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው። እሱም በሞተር።»

መኮንኑ ጥቂት አያቸው። ከዚያ ሻዊሹን «ውሰዳቸው፣ ማማው ላይ አውጣቸው» አለው።

እስከ ማማው ድረስ ሸኽ አወል መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ከፊት ሄዱ። እኔ ይቅርታ የምለምንበትን ቃል በአማርኛም በዐረብኛም እየፈለግኩ ከኋላ እከተላለሁ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«ስለ ግመሉ» አሉኝ።

«አቤት ሸኽዬ።»

«የታረደ ግመል አያንኮራፋም። ለልጁ ስትጽፍለት ንገረው። ሰው ሲያወራ እውነቱን ይያዝ።»

አሳንሰሩ ሲነሳ ሰይድ ግድግዳውን፣ እኔ ሰይድን፣ ሻዊሹ ዳቦ የሚሸት ኪሱን ያዝን። ሸኽ አወል ብቻ መሀል ቆመው፣ ዓይናቸው እንደ ልጅ ተከፍቶ፣ ጣሪያውን ያያሉ። ላይ ወጣን። ነፋሱ ጥምጣም ያስፈታል። ከተማው በሙሉ ከእግራችን ሥር ነው። ከዚያ ጥያቄያቸው ተጀመረ፤ ያ ምንድን ነው? ያኛውስ? መርከቧ ወዴት ነው የምትሄደው? ያ መስክ የማነው? ፈረሶች ናቸው? እኛ ሠላሳ ዓመት ሲጠየቁ የኖሩ ሰው መስለውን ነበር እንጂ እሳቸውም የሚጠይቁት ያን ያህል ተጠራቅሞባቸው እንደነበር ማን አወቀ። መስጊዳችንን ስናሳያቸው መዳፋቸውን ዘረጉና አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ለኩት። መስጊዱም፣ ቤታችንም፣ መሀላቸው ያለው መንገድም ከመዳፋቸው ሥር ገባ። «አጃኢብ» አሉ። አላዘኑም። እንደ ጥሩ ሒሳብ ነው የወደዱት።

በምዕራብ በኩል ፒራሚዶቹ እንደ ሦስት የአሞሌ ጨው ስባሪ ተቀምጠዋል። ሰይድ ብዙ አያቸውና «ሩቅ ስለሆኑ ነው» አለ።

ፀሐይ ወደነሱ ወርዳለች። ሻዊሹ ከኪሱ ቴምር አውጥቶ ለየሰዉ አንዳንድ አደለን። ይዘን ቆምን። ከዚያ ከወደ ምሽጉ የማፍጠሪያው መድፍ ጓ አለ። ታች በየሚናራው መብራት በራ፣ አዛኑ ከየአቅጣጫው ተነሳ፣ መንገዱ ባንዴ ባዶ ሆነ። ካይሮ በሙሉ አፉን ከፈተ። ሻዊሹም ቢስሚላሂ ብሎ ቴምሩን አፉ ከተተ።

«ቆይ!» አሉ ሸኽ አወል።

ጣታቸው ወደ ምዕራብ ነው። ታች ጨልሟል፤ እኛ ካለንበት ግን የፀሐይቱ ጠርዝ፣ ቀይ ጥፍር የምታህል፣ ገና አለች።

«መድፉ ተተኮሰ እኮ» አለ ሰይድ፣ በልመና።

«የተተኮሰው ለታች ሰዎች ነው። ለነሱ ገብታለች። አንተ ግን ታያታለህ። የሚያያት ሰው እንዴት ያፈጥራል?» ፊታቸው በራ። «ይህን ጥያቄ ያስተማረኝ ሸኽ የለም። ያነበብኩበት ኪታብም የለም። ሱብሐነላህ! እንዲህ ከፍ ብሎ የኖረ ሰው አልነበረማ!»

ሻዊሹ እንደ ሐውልት ደርቋል። ቴምሩ ጉንጩ ውስጥ ነው። አይውጠው ነገር ፀሐይ አለች፣ አይተፋው ነገር መድፉ ተተኩሷል። በዓይኑ ብቻ ሸኽ አወልን ይለምናል። ሸኽ አወል አላዩትም፤ ደረታቸውን ብረቱ ላይ አስደግፈው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ያችን ቀይ ጥፍር ያያሉ። እኛም ቴምራችንን በእጃችን ይዘን፣ አንጀታችን እየጮኸ፣ አጠገባቸው ተሰልፈን አየናት። ሳሳች። ክር ሆነች። ነጥብ ሆነች።

ገባች።

«አሁን» አሉ ሸኽ አወል።

ሻዊሹ ዋጠ።